ካፒቴን ባሪ ዊልሞር፦ የባሕር ኃይል የሙከራ አብራሪ፣ ጠፈርተኛና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ

ባሪ ዩጂን ዊልሞር በብዙዎች ዘንድ የሚታወቁት «ቡች» በሚለው ቅጽል ስማቸው ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ጡረተኛ ካፒቴን፣ የጦር ጀት የሙከራ አብራሪ፣ ለ25 ዓመታት ደግሞ የናሳ ጠፈርተኛ የነበሩ ሰው ናቸው። ከዚህም ጋር በቴክሳስ ግዛት፣ በሂውስተን አጠገብ በምትገኘው በፓሳዲና ከተማ፣ በፕሮቪደንስ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን በሽማግሌነት ያገለገሉ አማኝ ናቸው።

ዓለም በስፋት ያወቃቸው በ2024 ለ8 ቀን ያህል ብለው ወደ ጠፈር ሄደው 286 ቀን በቆዩ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ በየመገናኛ ብዙኃኑ «በጠፈር ተጥለው የቀሩት ሁለት ሰዎች» እየተባለ ብዙ ተወራ። በክርስቲያኖችም ዘንድ ስለ እምነታቸው የተናገሩት ነገር እየተቆራረጠ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲተላለፍ ቆይቷል። ይሁን እንጂ ሰውየው በእነዚያ ወራት ያሳዩት ባሕርይ በድንገት የመጣ አልነበረም። በመርከብ ወለል ላይና በሙከራ በረራ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የተማሩት ነው። ስለዚህ ታሪካቸውን ከመጀመሪያው መመልከት ይሻላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትውልድና ትምህርት

ዊልሞር የተወለዱት ዲሴምበር 29 ቀን 1962 በቴነሲ ግዛት በመርፍሪስቦሮ ከተማ ሲሆን፣ ያደጉት በዚያው ግዛት በማውንት ጁልየት ነው። በቴነሲ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና የመጀመሪያና የሁለተኛ ዲግሪያቸውን አግኝተዋል፤ እዚያው ሳሉም ለዩኒቨርሲቲው ቡድን የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫውተዋል። በኋላም ከቴነሲ ዩኒቨርሲቲ በአቪዬሽን ዘርፍ ሌላ የሁለተኛ ዲግሪ ጨምረዋል።

በመርከብ ላይ ማረፍ

ባሕር ኃይል ከገቡ በኋላ ኤ-7ኢ እና ኤፍ/ኤ-18 የተባሉትን የጦር ጀቶች ፎረስታል፣ ኬኔዲ፣ ኢንተርፕራይዝና አይዘንሃወር ከሚባሉ አራት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ላይ እየተነሡ አብርረዋል። በ1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ከኬኔዲ መርከብ ላይ ተነሥተው 21 የውጊያ በረራዎችን አድርገዋል። ከዚያም በኋላ በኢራቅና በቦስኒያ ሰማይ ላይ በተደረጉ ዘመቻዎች ተሳትፈዋል። (አንድ አማኝ ወታደር ስለ ጦርነት ምን ሊያስብ ይገባዋል የሚለው ራሱን የቻለ ጥያቄ ስለሆነ እዚህ አንገባበትም።)

በአብራሪነት ዘመናቸው ከ8,000 የሚበልጥ የበረራ ሰዓት ያስመዘገቡ ሲሆን 663 ጊዜ በመርከብ ላይ አርፈዋል። ይህ ሁለተኛው ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ መንደርደሪያ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። በመርከቡ ላይ ለማረፊያ የሚሆነው ቦታ ግን ሦስት መቶ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ እሱም ከማዕበሉ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል፤ መርከቡም ወደ ፊት እየሄደ ነው። አውሮፕላኑ በጅራቱ ሥር ያለውን መንጠቆ ዘርግቶ በወለሉ ላይ ከተወጠሩት ወፍራም የብረት ገመዶች አንዱን መያዝ አለበት። ከያዘ በሁለት ሴኮንድ ገደማ ውስጥ ይቆማል። ካልያዘ ግን ባሕር ውስጥ ከመግባቱ በፊት እንደገና መነሣት ስላለበት፣ አብራሪው ጎማው ወለሉን እንደነካ ሞተሩን ዝቅ ከማድረግ ይልቅ እስከ መጨረሻው ከፍ ያደርገዋል። ይህ ሁሉ በጨለማ ሌሊትም ይደረጋል።

ሌላም ነገር አለ። በመርከቡ ወለል ዳር ልምድ ያላቸው አብራሪዎች ቆመው እያንዳንዱን ማረፍ ይመለከታሉ፤ ነጥብም ይሰጣሉ። ነጥቡ የቡድኑ አባላት ሁሉ በሚያዩት ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ማዕረግ አይታይም፣ ይሉኝታም የለም። ዛሬ ጥሩ ያረፈ ነገ ቢሳሳት ስህተቱ በሁሉ ፊት ይነበባል። ዊልሞር 663 ጊዜ ያረፉት እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ነው።

የሙከራ አብራሪ ሥራው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው የሙከራ አብራሪ ሲባል ሞትን የማይፈራ ጀብደኛ ይመስለዋል። ፊልሞችም እንዲህ አድርገው ነው የሚያሳዩት። እውነቱ ግን ከዚህ የራቀ ነው። በሜሪላንድ ግዛት ፓተክሰንት ሪቨር በተባለው ሰፈር የሚገኘው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሙከራ አብራሪዎች ትምህርት ቤት ከሁሉ በላይ የሚያስተምረው ጥንቃቄንና ጽሑፍን ነው። በረራው ምድር ላይ ሳለ ደቂቃ በደቂቃ ይታቀዳል። ዛሬ የሚሞከረው ትናንት ከተሞከረው በጥቂት ብቻ ከፍ ያለ ነው። አብራሪው ከወረደ በኋላ ቁጭ ብሎ ይጽፋል፦ አውሮፕላኑ ምን አደረገ፣ ምን ማድረግ ሲገባው አላደረገም፣ ይህ ጉድለት ልምድ የሌለውን አብራሪ ምን ያደርገዋል?

ከመጀመሪያዎቹ ሰባት የአሜሪካ ጠፈርተኞች መካከል አራቱ፣ ማለትም አለን ሼፐርድ፣ ጆን ግሌን፣ ዋልተር ሺራና ስኮት ካርፔንተር፣ ከዚሁ ትምህርት ቤት የወጡ ነበሩ። ዊልሞርም ከዚያው ተመርቀው ቲ-45 የተባለውን የማሠልጠኛ ጀት ለአገልግሎት በማዘጋጀት ሥራ ተሰማሩ። ይህ አውሮፕላን መሠረቱ በምድር ላይ እንዲያርፍ የተሠራ ሆክ የሚባል የእንግሊዝ ጀት ነው፤ አሜሪካኖቹ በመርከብ ላይ እንዲያርፍ አድርገው ለወጡት። ዊልሞር አውሮፕላኑ ለመጀመሪያ ጊዜ በመርከብ ላይ ለማረፍ ብቁ መሆኑ በተረጋገጠበት ሙከራ ተካፍለዋል። እንዲሁም አፍንጫው ከመጠን በላይ ቀና ሲል፣ ክንፉም አየሩን መያዝ ሲያቅተው ምን እንደሚሆን በተፈተነባቸው በረራዎች ተሳትፈዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ቲ-45ን የሚያበርረው ገና በመማር ላይ ያለ ወጣት ነው። የሙከራ አብራሪው ለአምራቹ ኩባንያ ወይም ለአለቃው ስሜት ተጨንቆ በሪፖርቱ ላይ አንዲት ጉድለት ቢያለሳልስ፣ ዋጋውን የሚከፍለው እሱ ሳይሆን ከዓመታት በኋላ የሚመጣ፣ ስሙን እንኳ የማያውቀው የሃያ ዓመት ልጅ ነው። እኔ መጋቢ እንጂ አብራሪ አይደለሁም። ነገር ግን ስለዚህ ሥራ ሳነብ ከሁሉ የነካኝ ይህ ነው። ሰው እውነቱን የሚናገረው በዓይኑ ለማያየው ሰው ሲል ነው።

ዊልሞር በኋላ በካሊፎርኒያ በኤድዋርድስ የአየር ኃይል ሰፈር ባለው የሙከራ አብራሪዎች ትምህርት ቤት በአስተማሪነት ተመደቡ። ናሳ ለጠፈርተኝነት የመረጣቸውም እዚያ እያስተማሩ ሳሉ በጁላይ 2000 ነው።

ወደ ጠፈር

ከተመረጡ በኋላ የመጀመሪያ በረራቸውን ለማድረግ ዘጠኝ ዓመት ጠበቁ። በመካከሉ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2003 ኮሎምቢያ የተባለችው መንኮራኩር ወደ ምድር ስትመለስ ተሰባብራ ሰባት ጠፈርተኞች ሞቱ፤ በረራዎችም ከሁለት ዓመት በላይ ተቋረጡ። ዊልሞር በነዚህ ዓመታት ሌሎች ሲሄዱ ከሚሸኙና ሲመለሱ ከሚቀበሉ መካከል ሆነው ሠርተዋል።

ተራቸው የደረሰው በኖቬምበር 2009 ነው። የአትላንቲስ መንኮራኩር አብራሪ ሆነው ለዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ መለዋወጫ ዕቃ አደረሱ፤ ጉዞው ወደ 11 ቀን የሚጠጋ ነበር። ሁለተኛው በሴፕቴምበር 2014 በሩሲያ ሶዩዝ ተነሥተው 167 ቀን የቆዩበት ነው። በዚህ ጊዜ የጣቢያው አዛዥ ሆነዋል፤ አራት ጊዜም የጠፈር ልብስ ለብሰው ከጣቢያው ውጭ ወጥተው ሠርተዋል።

ከዚያ ቆይታ አንዲት ትንሽ ነገር ትዝታ ሆና ቀርታለች። ጣቢያው ላይ ፕላስቲክ እያቀለጠ ዕቃ የሚሠራ የሙከራ ማተሚያ ነበር። ዊልሞር የብሎን መፍቻ ያስፈልገኝ ነበር ብለው ሲናገሩ በምድር ያሉት መሐንዲሶች ሰሙና መፍቻውን በኮምፒዩተር ነድፈው መልክቱን ወደ ላይ ላኩት። መሣሪያው በአራት ሰዓት ገደማ ሠርቶ አወጣው። ለጠፈርተኛ ጥያቄ መልስ ሆኖ መሣሪያ በኢሜይል የተላከበት ዘመን ደረስን እንግዲህ!

ስታርላይነር

ናሳ በ2014 ሰዎችን ወደ ጠፈር ጣቢያው የሚያመላልሱ መንኮራኩሮች እንዲሠሩለት ከሁለት ኩባንያዎች ጋር ተዋውሎ ነበር። ለቦይንግ 4.2 ቢሊዮን ዶላር፣ ለስፔስኤክስ 2.6 ቢሊዮን ዶላር መደበ። የስፔስኤክስ ድራገን በ2020 ሰው ማመላለስ ጀመረች። የቦይንግ ስታርላይነር ግን በዲሴምበር 2019 ያለ ሰው ባደረገችው የመጀመሪያ ሙከራ ሰዓቷ ተሳስቶ ጣቢያው ሳትደርስ ተመለሰች፤ የደረሰችው በሜይ 2022 ነው።

ሰው የሚይዘው የመጀመሪያ በረራ አዛዥ እንዲሆኑ የተመደቡት መጀመሪያ ክሪስ ፈርጉሰን የተባሉ ሌላ የባሕር ኃይል የሙከራ አብራሪ ነበሩ። ዊልሞር ተጠባባቂ ነበሩ። ፈርጉሰን በኦክቶበር 2020 ለቤተሰባቸው ሲሉ ሲተዉት ዊልሞር ገቡ። አብረዋቸው የተመደቡት ሱኒታ ዊሊያምስም የባሕር ኃይል ካፒቴንና የሄሊኮፕተር የሙከራ አብራሪ ነበሩ። አዲስ መንኮራኩር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ጭና ስትሄድ በውስጧ የሙከራ አብራሪዎች የሚቀመጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ሥራቸው መንገደኛ መሆን ሳይሆን ጉድለቷን ማግኘት ነው።

ጁን 5 ቀን 2024 በአትላስ ሮኬት ከፍሎሪዳ ተነሡ። ዊልሞር የ61 ዓመት ሰው ነበሩ። ጣቢያው ላይ ሽንትን አጣርቶ የመጠጥ ውኃ የሚያደርገው መሣሪያ ፓምፑ ስለተበላሸ፣ ምትክ ፓምፕ ለመጫን ሲባል የሁለቱ የልብስ ሻንጣ ወርዶ ቀርቶ ነበር። ስምንት ቀን ነውና ማን ስለ ቅያሪ ልብስ ይጨነቃል?

በማግስቱ ወደ ጣቢያው ሲጠጉ መንኮራኩሯ ታመመች። ከኋላዋ ባለው ክፍል አቅጣጫዋን የሚያስተካክሉ 28 ትናንሽ ገፊ ሞተሮች አሉ። እነዚህ እርስ በርሳቸው ተከትለው ሥራ ማቆም ጀመሩ። አራቱ በጠፉ ጊዜ ዊልሞር መሪውን በእጃቸው ይዘው በጣቢያው አጠገብ ሊያቆሟት ይታገሉ ነበር፤ እሷ ግን ወደ ሁሉም አቅጣጫ እንደ ልብ የምትታዘዝ መሆኗ ቀረ። ከተመለሱ በኋላ በሰጡት ቃለ ምልልስ እንዳስረዱት፣ በዚያች ሰዓት ወደ ፊት ሄዶ ከጣቢያው ጋር መገናኘትም ሆነ ዞሮ ወደ ምድር መውረድ የሚቻል መሆኑን እርግጠኛ አልነበሩም። ሕጉ ሞተሮቹ በዚህ መጠን ከጠፉ ተመለሱ ይላል፤ ነገር ግን ለመመለስም የሚያስፈልጉት እነዚያው ሞተሮች ናቸው።

በሂውስተን ያለው የበረራ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሞተሮቹን አጥፍቶ እንደገና ለማስነሣት ወሰነ። ለዚህም ዊልሞር እጃቸውን ከመሪው ላይ እንዲያነሡ ተጠየቁ። በሌሊት ባሕር ላይ አውሮፕላን ሲያሳርፍ ለኖረ ሰው እንደዚህ ባለ ሰዓት እጅህን አንሣ መባል ምን እንደሚመስል አንባቢ ይገምተው። እጃቸውን አነሡ። ሁለት ሞተሮች ተመለሱ። ቀጥሎ አምስተኛው ጠፋ። እንደገና ተሞከረ። በመጨረሻ ከአምስቱ አራቱ ሠሩና መንኮራኩሯ በራሷ ኮምፒዩተር እየተመራች ከጣቢያው ጋር ተገጣጠመች። የሂሊየም ጋዟም በብዙ ቦታ ያፈስስ ነበር።

በዚያ በጋ በኒው ሜክሲኮ ተመሳሳይ ሞተር በምድር ላይ ሲፈተን፣ ሙቀት ሲበዛ በውስጡ ያለ የቴፍሎን ማሸጊያ እያበጠ የነዳጁን መንገድ እንደሚያጠብብ ታወቀ። ይሁን እንጂ ወደ ምድር ሲወርዱ የሚሆነውን በእርግጠኝነት መናገር የሚችል አልተገኘም። ኦገስት 24 ቀን 2024 የናሳ ኃላፊ የነበሩት ቢል ኔልሰን ስታርላይነር ባዶዋን እንድትመለስ መወሰኑን አስታወቁ። በቻሌንጀርና በኮሎምቢያ የሞቱትን ጠፈርተኞች አስታውሰው፣ ያኔ ያወቀ ሰው አፍ አውጥቶ የማይናገርበት ልማድ እንደነበረ አልሸሸጉም። መንኮራኩሯ ሴፕቴምበር 7 ቀን በሰላም አረፈች። «ታዲያ ቢሳፈሩባትስ ምን ነበረበት?» ያሉ ብዙዎች ናቸው። ዊልሞር ራሳቸው ጊዜ ቢገኝ ኖሮ ማስረጃው ተሟልቶ በእሷ መመለስ ይቻል እንደነበረ፣ ግን ጊዜው እንዳለቀ ተናግረዋል። ነገሩ በደህና ስላለቀ ውሳኔው ስህተት ነበር ማለት አይቻልም።

286 ቀን

ስታርላይነር ከሄደች በኋላ ምትክ እስኪመጣ ድረስ ለሦስት ሳምንት ያህል የራሳቸው መቀመጫ ያለበት መንኮራኩር አልነበራቸውም። አደጋ ቢነሣ የሚወርዱት ጣቢያው ላይ በነበረችው ድራገን ውስጥ፣ ዕቃ በሚጫንበት ወለል ላይ ታስረው ነበር። በሴፕቴምበር መጨረሻ ኒክ ሄግና አሌክሳንደር ጎርቡኖቭ ሁለት ባዶ መቀመጫ ይዘው መጡ። መቀመጫው የተገኘው ለዓመታት የተዘጋጁ ሌሎች ሁለት ጠፈርተኞች ከጉዞው ቀርተው ነው፤ ስለ እነዚህ ሁለቱ ብዙ አልተወራም።

ጣቢያው 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ምድርን በዘጠና ደቂቃ አንድ ጊዜ ይዞራል። በመንገዱም በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሳይብለጨለጭ እንደ ኮከብ ሲሄድ ያዩት አንባቢዎች ይኖራሉ። እነሱም በዚያ ሆነው እንደ ማንኛውም የጣቢያው ሠራተኛ ምርምር አካሄዱ፣ የተበላሸ ጠገኑ። ጃንዋሪ 30 ቀን 2025 ዊልሞርና ዊሊያምስ አብረው ከጣቢያው ውጭ ወጥተው ከአምስት ሰዓት በላይ ሠርተዋል፤ ለዊልሞር ይህ አምስተኛቸው ነው።

ቤታቸው ግን ምድር ላይ ነበር። ባለቤታቸው ዲያናና ሁለት ሴቶች ልጆቻቸው ቴክሳስ ናቸው። ታናሽቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የመጨረሻ ዓመቷን ስትጨርስ አባቷ አብዛኛውን ጊዜ አልነበሩም። ይህ ተመልሶ የማይገኝ ዓመት ነው፤ ዊልሞርም ቀላል ነው ብለው አላለፉትም። በየሳምንቱ የቤተ ክርስቲያናቸውን አምልኮ በኢንተርኔት እየተከታተሉ፣ ከምእመናን ጋርም በስልክ እየተገናኙ ቆዩ። ሽማግሌ ጠፈር ላይ ሆኖም ሽማግሌ ነው።

በዚያ ወቅት የሁለቱ ጉዳይ የፖለቲካ ክርክር ሆነ። ከፍተኛ ባለ ሥልጣናት ጭምር «ተጥለው ቀሩ» ይሉ ነበር። ዊልሞር ግን አልተጣልንም፣ ታስረንም አልቀረንም፤ ተዘጋጅተንና ቃል ገብተን ነው የመጣነው በማለት ደጋግመው አስተባበሉ። የሙከራ በረራ መሆኑን አውቀው ገብተዋልና የተበዳይነትን ካባ ለመልበስ አልፈለጉም። ያን ካባ ቢለብሱት ኖሮ የሚያዝንላቸው ሰው አይጠፋም ነበር።

ወደ ምድር ሊመለሱ ሲሉ ጋዜጠኞች ስለ ስሜታቸው ጠየቋቸው። መልሳቸው ወደ እምነታቸው የሚመለስ ነበር፦ ጌታቸውና አዳኛቸው ኢየሱስ ክርስቶስ ዕቅዱን ለክብሩ እየፈጸመ መሆኑን ስለሚያምኑ፣ ነገሩ በየትኛውም መንገድ ቢያልቅ ልባቸው ያረፈ እንደሆነ ገለጹ። በመልካሙም መልካም በማይመስለውም ውስጥ እግዚአብሔር እንደሚሠራ ተናግረው ሰሚዎቻቸውን ወደ ዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 11 መሩ።

ይህ ምዕራፍ መጠቀሱ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። እንደሚታወቀው ዕብራውያን 11 የእምነት አርበኞች ምዕራፍ ነው፤ በስብከቶቻችንም ዘወትር ይነሣል። ነገር ግን ብዙዎቻችን ሰባኪዎች የአንበሶች አፍ የተዘጋበት፣ የእሳት ኃይል የጠፋበት፣ ሴቶች ሙታናቸውን በትንሣኤ የተቀበሉበት ቦታ ስንደርስ «ሃሌ ሉያ» ብለን መጽሐፉን እንዘጋለን። ቁጥር 35 ግን በመካከሉ ይታጠፋል። ከዚያ በኋላ ያሉት የተደበደቡ፣ የታሰሩ፣ በድንጋይ የተወገሩ፣ በዋሻ የተቅበዘበዙ ናቸው። ጸሐፊው ሁለቱን ወገኖች በአንድ ዝርዝር ውስጥ ያስቀምጣቸዋል፤ የሁለቱም እምነት ተመስክሮለታል። ስለዚህ ዊልሞር ይህን ምዕራፍ ሲጠቅሱ «አምናለሁና በሰላም እመለሳለሁ» ማለታቸው አይደለም። ባይመለሱም የሚጸና እምነት ነበር የሚናገሩት። ቀድሞ የሞተሮቹን ዝርዝር በእጁ ይዞ ላየ ሰው፣ ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ አይሆንለትም።

ማርች 18 ቀን 2025 ከሄግና ከጎርቡኖቭ ጋር በድራገን ተሳፍረው በፍሎሪዳ ጠረፍ አጠገብ ባሕር ላይ አረፉ። መንኮራኩሯ በውኃው ላይ ስትንሳፈፍ ዶልፊኖች ዙሪያዋን ሲዋኙ ታዩ። ምድርን 4,576 ጊዜ ዞረዋል፤ 195 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘዋል።

የአዛዡ ድርሻ

በዚያው ወር መጨረሻ፣ ማርች 31 ቀን፣ በሂውስተን ጋዜጠኞች ፊት ቀረቡ። ለደረሰው ችግር ተጠያቂው ማን ነው ተብለው ተጠየቁ። ሁሉም ሰው የሚጠብቀው ቦይንግን ወይም ናሳን ወይም ፖለቲከኞችን እንዲወቅሱ ነበር፤ ቢወቅሱም ምክንያት አያጡም። እሳቸው ግን ከራሳቸው ጀመሩ። የመንኮራኩሯ አዛዥ እንደመሆናቸው ከበረራው በፊት ሊጠይቋቸው የሚገቡ፣ ግን ያልጠየቋቸው ጥያቄዎች እንደነበሩ፣ መልሳቸውም የነገሩን አካሄድ ሊለውጥ ይችል እንደነበረ በሕዝብ ፊት ተናገሩ። በጊዜው ያን መጠየቅ እንደሚያስፈልግ እንዳላወቁም አልደበቁም። ከዚያ በኋላ ነው ቦይንግም ናሳም ኃላፊነት እንዳለባቸው፣ ከላይ እስከ ታች ሁሉም ድርሻ እንዳለው የገለጹት። ጣት ለመቀሰር ሳይሆን ወደ ፊት ለማየት እንደሚናገሩም ጨመሩ። ዳግመኛ በስታርላይነር ትሄዳላችሁ ወይ ሲባሉም ሁለቱም አዎን አሉ።

እኔ በግሌ ከእምነት ቃላቸው ይልቅ ይህን ደጋግሜ አስቤዋለሁ። በእኛ መካከል አንድ አገልግሎት ሲበላሽ፣ ገንዘብ ሲጎድል ወይም ኅብረት ሲከፈል መጀመሪያ የምንጠራው ጠላትን ነው፤ «ጠላት ገባብን» እንላለን። ገብቶ ይሆናል። በሩ ላይ የቆመው ሽማግሌ «እኔ ልጠይቅ ሲገባኝ ያልጠየቅሁት ነገር ነበር» ሲል ግን ስንት ጊዜ ሰምተናል? ዊልሞር ሉዓላዊ አምላክ በሁሉ ውስጥ እንደሚሠራ ያምናሉ፤ ያን እምነት ግን የራሳቸውን ድርሻ ለመሸፈኛ አላደረጉትም። ሁለቱን በአንድ አፍ፣ በአንድ ወር ውስጥ ነው የተናገሩት። በፓተክሰንት ሪቨር የለመዱት ሪፖርት በዚህ ጊዜ ስለ ራሳቸው የተጻፈ ይመስላል።

ናሳ ኦገስት 6 ቀን 2025 ዊልሞር በጡረታ መሰናበታቸውን አስታወቀ። በአትላንቲስ፣ በሶዩዝ፣ በስታርላይነርና በድራገን፣ ማለትም በአራት ዓይነት መንኮራኩሮች ተጉዘው በጠቅላላው 464 ቀን በጠፈር አሳልፈዋል። ስታርላይነርን በሚመለከት ደግሞ በኖቬምበር 2025 ናሳና ቦይንግ ውላቸውን አሻሽለው፣ የመንኮራኩሯ ቀጣይ በረራ ሰው ሳይሳፈርባት ጭነት ብቻ ይዛ የምትሄድበት እንዲሆን ተስማምተዋል።